ማኬቱ ላይ ያልነበረው ድንኳን

የምጽፍላችሁ አገር ስም አላት። ነገር ግን ስሟን መጥራት የሚፈቀደው በበዓል ቀን ብቻ፣ ያውም ተነስቶ ቆሞና የራስ መሸፈኛን አውልቆ ነው። ዛሬ በዓል አይደለም። እኔም ተቀምጫለሁ፤ ራሴ ላይም ጥቁር ሻሽ አስሬአለሁ። ስለዚህ «አገሪቱ» ብቻ እላታለሁ፤ በዚሁ ታገሡኝ።

በአገሪቱ መካከል አንድ ኮረብታ አለ። ኮረብታው ላይ አንድ ቤት፣ ቤቱ ላይ አንድ ሰገነት፣ ሰገነቱ ላይ ደግሞ አንድ ሰው አለ። ሰውየው ባለ ሰገነቱ ይባላል። ጠዋት ጠዋት ጉም ሲገለጥ በመነጽር ቁልቁል ያያል። ያየው ነገር ደስ ካሰኘው ቁርሱን ይበላል። ደስ ካላሰኘው ቁርሱ ሳይነካ ይመለሳል፤ ቁርሱ በተመለሰ ቀን ደግሞ አንድ ሹም ከሹመቱ ይወርዳል። ስለዚህ የአገሪቱ ሹማምንት በሙሉ፣ ስማቸውና ደመወዛቸው ቢለያይም፣ ሥራቸው አንድ ነው፤ ባለ ሰገነቱ ቁርሱን እንዲበላ ማድረግ።

እኛ የታች ሰፈር ሰዎች ነበርን። ግድግዳችን ጭቃ፣ ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። አንዱ ቤት ሰው ሲያስነጥሰው ከሦስተኛው ቤት «ይማርህ» ይባላል። ከዕለታት አንድ ቀን ፀሐይ ቆርቆሯችን ላይ አርፋ ነጸብራቋ በመነጽሩ ገብቶ የባለ ሰገነቱን ዓይን ወጋው። የዚያን ቀን ቁርስ ተመለሰ። በማግሥቱ ሰፈራችን እንደሚፈርስና በቦታው ዘመናዊ የመኖሪያ ሕንፃዎች እንደሚሠሩ ተነገረን። «ውሃ በቧንቧ እቤታችሁ ድረስ ይገባል» ሲሉን እልል አልን። «እስኪገባ ድረስ ግን እናንተ ውጡ» ሲሉን እልልታው ጉሮሯችን ላይ ቀረ።

በዚያች አገር ሕንፃ የሚሠራበት ሥርዓት ለብቻው ነው። በሌላ አገር መጀመሪያ የሚኖርበት ሰው ይጠየቃል፣ ከዚያ ንድፍ ይወጣል፣ ከዚያ በካርቶንና በእንጨት የሕንፃው ትንሽ አምሳያ፣ ማኬት የሚሉት፣ ይሠራል አሉ። እዚያ ግን የሚቀድመው ማኬቱ ነው። ባለ ሰገነቱ ንድፍ ማየት አይወድም፤ መስመር ሲበዛበት ራሱን ያመዋል። ማኬት ግን ቁልቁል የሚታይ ነገር ነው፣ እሱም ቁልቁል ማየት ያደገበት ነው።

ማኬቱ አንዴ ከጸደቀ ሕጉ አጭር ነው። ሕፃናት እንኳ ገመድ ሲዘሉ ይሉታል፦

«ማኬት ላይ የሌለ፣ መሬት ላይ አይኖር፤
ማኬት ላይ ያለ፣ ከመሬት አይቀር።»

የእኛን ማኬት የሠራው ናሁሰናይ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበር። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አንገቱን ይደፋል። ማኬቱ ካለቀ በኋላ ግን የሱ መሆኑ ቀርቶ የአቶ ድልነሳው ሆነ። አቶ ድልነሳው የማኬት ጠባቂ ናቸው። ነጭ ጓንት ያደርጋሉ፣ በላባ አቧራ ያራግፋሉ፣ አጠገቡ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ የተኛ ሕፃን የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት።

አንድ ቀን የታች ሰፈር ሰዎች ማኬቱን አይተን እንድናጨበጭብ ተጠራን። ባሌ አንዳርጌም መጣ። 

አንዳርጌ የዕድራችን ድንኳን ተካይ ነበር። በሰፈራችን ሰው ሲያርፍ ከቄሱ በፊት የሚጠራው እሱ ነው። ካስማውን አዘንብሎ አንዴ በመዶሻ ከመታው ያ ድንኳን በነፋስ አይበገርም። «ሰው ሁሉ የሚወደኝ ሲሞትበት ነው» እያለ ይስቅ ነበር። ለሠርግም ይተክላል፤ ግን ሠርግ አይመቸውም። «በሠርግ ድንኳን ሰው የሚያየው ሳህኑን ነው። ለቀስተኛ ግን ጣሪያ ጣሪያ ስለሚያይ ስፌቱ መስተካከል አለበት» ይላል። ፊደል አልቆጠረም። እኔ የሰፈሩን ልጆች ሳስቆጥር ከበሩ ላይ ሆኖ ይሰማና «እኔ ድንኳን ላንብብ፣ አንቺ ፊደል አንብቢ» ይለኛል። ስሙን የሚያውቃት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ስንጋባ ጠርዙን በአረንጓዴ ክር ዘምዝሜ፣ መሃሉ ላይ ስሙን ጠልፌ የሰጠሁት ነጭ መሐረብ ነበረው። እዚያ ላይ ሲያያት ያነባታል፤ ሌላ ቦታ ተጽፋ ቢያያት አልፏት ይሄዳል።

እናም ሁሉም ሲያጨበጭብ አንዳርጌ እጁን አወጣ።

«ጥያቄ አለኝ።»

«ጭብጨባ ነው እንጂ ጥያቄ አልተያዘም» አሉ አቶ ድልነሳው በሹክሹክታ።

«እንግዲያው አጨብጭቤ ልጠይቅ» አለና አጨበጨበ። «ጌታዬ፣ ሕንፃው ያምራል፤ ከዓይን ያውጣው። ድንኳኑ የት ነው የሚተከለው?»

«የምን ድንኳን?»

«ሰው ሲሞት ነዋ።»

ናሁሰናይ ማኬቱን ዞረው። የመኪና ማቆሚያ አለ። ሣር አለ። ከስፖንጅ የተቆረጡ ዛፎች አሉ። እንደ ገና ዞረው።

«እዚህ ግቢ ሞት… አልታሰበም» አለ ቀስ ብሎ።

«ግድ የለም፣ እሱ ያስበናል» አለ አንዳርጌ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አቶ ድልነሳው አልሳቁም። «ይህ ዘመናዊ ሕንፃ ነው! የታች ሰፈር ሰው የሚሞተው በጭስና በእርጥበት ነው። እዚህ ጭስ የለ፣ እርጥበት የለ። በምን ሊሞት ነው?»

«በእርጅና።»

«ማኬቱ ላይ ሽማግሌ ታያለህ?»

ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አየን። እውነትም ሽማግሌ የለም። ማኬቱ ላይ የቆሙት ትንንሽ የፕላስቲክ ሰዎች ሁሉም ወጣቶች ናቸው። ተራርቀው ቆመዋል። አንዷ በሩ አጠገብ ቀይ ጃንጥላ ዘርግታለች።

«አየህ» አሉት አቶ ድልነሳው።

«አየሁ» አለ አንዳርጌ። «እኛ አይደለንማ።»

ከዚያ ቀጥሎ ባለ ሰገነቱ ራሱ ማኬቱን ሊያጸድቅ ከኮረብታው ወረደ። በዚያ ቀን የሆነውን አገሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን የለም። ባለ ሰገነቱ ቆሎ ይወዳል። ቆሎውን እየቃመ ማኬቱ ላይ ጎንበስ ሲል አንዲት ሽምብራ ከእጁ አመለጠችና የግቢው ሣር መሃል ላይ ወደቀች። የሣሩ ሙጫ ገና አልደረቀም ነበርና ተጣበቀች። የአቶ ድልነሳው ረዳት ሊያነሳት እጁን ዘረጋ። ባለ ሰገነቱ ቀና ብሎ የተዘረጋውን እጅ አየ። ረዳቱ እስከ ዛሬ የኮረብታውን ደረጃ ይጠርጋል። «ጥሩ ነው፣ ጸድቋል» ብሎ ባለ ሰገነቱ ሄደ።

ሹማምንቱ ሽምብራዋን ከበው ቆሙ።

«ወድቃ ነው ወይስ ተቀምጣ?» አለ አንዱ።

«ከእሳቸው እጅ የሚወድቅ ነገር አለ እንዴ?» አለ ሌላው።

በዚህ ተስማሙ። ጸድቋል ሲባል ሽምብራዋ ማኬቱ ላይ ነበረች፤ ማኬቱ ላይ ያለ ደግሞ ከመሬት አይቀርም። ስለዚህ ሕንፃው ሲሠራ በግቢው መሃል በሲሚንቶና በብረት የሁለት ሰው ቁመት የሚያህል ሽምብራ ተሠራ። ቆዳው የተሸበሸበ፣ አፍንጫው ሹል፣ ቀለሙ ቢጫ ነው። አፍንጫው ወዴት መዞር እንዳለበት ሲከራከሩ ሥራው አንድ ክረምት ሙሉ ቆመ። ሊፍቱም እንዲሁ ነው። ማኬቱ ላይ የሊፍት በር በቀለም ተስሎ ነበር እንጂ ከኋላው ባዶ ቦታ አልነበረም። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ የብረት በር ተገጠመ፤ ሲከፈት ግድግዳ ነው። እንግዳ ሲመጣብን በሩን ከፍተን እናሳያለን፣ ከዚያ በደረጃ እንወጣለን።

ሕንፃው አለቀና ገባን። እኛ አራተኛ ፎቅ ደረሰን። የውሃው ቧንቧ እንደተባለው እቤት ድረስ ገብቷል፤ ውሃው ነው ያልገባው። ግቢውን እንዲቆጣጠር አንድ የመስመር ሹም ተሾመልን፤ አቶ ጥጋቡ ይባላል። የመስመር ሹም ሥራው ማንኛውም ነገር ቀጥ ማለቱን ማየት ነው። የተሰጣ ልብስ፣ የቆመ መኪና፣ የሚሄድ ሰው፣ ሁሉም ቀጥ ማለት አለበት። ከበሩ አጠገብ ደግሞ ሁልጊዜ አንዲት ሴት ቀይ ጃንጥላ ይዛ መቆም ስላለባት የእያንዳንዱ ቤት ሴት በተራ እንድትቆም ታዘዘ። ዝናብ ሲመጣ ግን ከቤቱ ለመውጣት የፈለገ ሁሉ ጃንጥላዋን ይሻማባት ነበር።

የዕድሩ ድንኳን ማስቀመጫ አጣ። ማኬቱ ላይ መጋዘን የለም። አንዳርጌ ተሸክሞ እኛ ቤት አመጣው፤ ለሁለት አጣጥፎ ፍራሻችንን ላዩ ላይ ዘረጋበት። ሰው «እንዴት እንቅልፍ ይወስዳችኋል?» ሲለን «ሰፈሩ በሙሉ ያለቀሰበት ነውና ይለሰልሳል» ይል ነበር።

በግቢው ሰው መታመሙ ግን አልቀረም። ሲታመም ምን ይደረጋል? ከባድ መሆኑ ሲታወቅ ዘመድ ፈልገን በሌላ ሰፈር እናስተኛዋለን፤ እዚያ ያርፋል፣ እዚያ ይለቀስለታል። ጎረቤታችን እማማ አበሩ እንዲህ በማያውቁት ሰፈር፣ በማያውቃቸው ለቀስተኛ ተቀበሩ። ከዚያ ወዲያ አንዳርጌ ማታ ማታ ግቢውን መዞር ጀመረ። ከሣሩ ጫፍ እስከ ሽምብራዋ፣ ከሽምብራዋ እስከ በሩ በዓይኑ ይለካል።

«ዘርፌ» አለኝ አንድ ቀን፣ «ይቺ ሽምብራ እኮ የመሃል ምሰሶ ናት። ድንኳኑን በላይዋ ጣል ማድረግ ብቻ ነው።»

«እሺ ቢሉህ አይደል» አልኩት።

«ሲሚንቶዋ ጥሩ ነው» አለ የሰማኝም ሳይመስል።

ከዚያ እሱ ራሱ ታመመ። የዕድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ሽብሩ ሊጠይቁት መጡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አንዳርጌ፣ እህትህ ቤት ወሰድ እናድርግህ እንዴ? አየሩ ይስማማሃል።»

«ለመሞት ነው የሚስማማኝ?»

«ኧረ እንዴት እንዲህ ትላለህ!»

«ጋሽ ሽብሩ፣ ዕድሜ ልኬን በሰው ሁሉ ደጅ ስተክል ኖሬ የኔን በሰው ደጅ አታስተክሉብኝ። በገዛ ደጄ፣ በራሳችን ድንኳን አልቅሱልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ካስማውን ወደ ውጭ አዘንብሉት። ቀጥ ካለ ይነቀላል። ለዚህ ለጥጋቡ ንገሪው።»

እሺ አልኩት። ምን ብዬ እንደምፈጽመው ግን አላውቅም ነበር።

ጉም ሳይገለጥ በአንዱ ጠዋት አረፈ። መዳፉ ውስጥ መሐረቡን ይዞ ነበር፤ ከእጁ አውጥቼ ብብቴ ውስጥ ከተትኩት። ስለዚህ ጠዋት ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በዚያ ቀን የጃንጥላው ተራ የኔ ነበር። ጥቂት ቆይቶ አቶ ጥጋቡ በሩን አንኳኳ።

«እትዬ ዘርፌ፣ በሩ አጠገብ ሴት የለችም! ጉሙ ሊገለጥ ነው እኮ!»

«ባሌ ሞቷል» አልኩት።

«የት?»

«እዚሁ፣ አልጋው ላይ።»

«አራተኛ ፎቅ?»

«አራተኛ ፎቅ።»

አቶ ጥጋቡ ግራና ቀኝ አየ። «እትዬ ዘርፌ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሞት የለም።»

«ግባና እየው።»

«ካየሁማ ያው አይተሃል ልባል ነው!» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቆይቶም መላ የመጣለት መሰለው። «ባለቤትዎ ቤቱን ለቅቄአለሁ ይበሉ። መልቀቅ ይፈቀዳል። ራሳቸው መጥተው ያመልክቱ እንጂ እኔ በደስታ ነው የምፈቅድላቸው።»

«ራሱ መምጣት አይችልም።»

«እንግዲያው አልለቀቁም ማለት ነው» አለና ወረደ።

ጋሽ ሽብሩና የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ከፍራሹ ሥር ጎትተው በደረጃው አወረዱት። ሣሩ ላይ ገና ሳይዘረጉት አቶ ጥጋቡ መጥቶ መሃላቸው ቆመ።

«ማኬቱ ላይ ድንኳን የለም!»

«ሬሳ እቤት አስተኝተን ማኬት ትለናለህ?» አሉ ጋሽ ሽብሩ ከዘራቸውን እያወዛወዙ። «ሰውዬ፣ አንተስ ከሰው አልተወለድክም?»

«ጋሽ ሽብሩ፣ እኔን አይቆጡኝ። ከዘራዎን ቀጥ አድርገው ይያዙልኝ። ደግሞ ተሰብስቦ ማልቀስም የለም። ማኬቱ ላይ ሰዎቹ ተራርቀው ነው የቆሙት።»

ለቀስተኛው ተራርቆ ቆመ። እዚህ አንዱ፣ እዚያ አንዱ፣ በየሣሩ ብቻ ብቻውን እየተንሰቀሰቀ። ድንኳኑ መሃል ላይ ተከምሯል። በመስኮት ቁልቁል ሳየው ከጀርባው ሽምብራዋ ቢጫ ሆና ቆማለች። ያን ጊዜ የአንዳርጌ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ «በላይዋ ጣል ማድረግ ብቻ ነው።»

ነጠላዬን አዘቅዝቄ የማኬቱ ቤት ሄድኩ።

አቶ ድልነሳው ላባቸውን ይዘው ማኬቱን ያራግፉ ነበር። ሲያዩኝ «ለማጨብጨብ ከሆነ ከሰዓት ነው» አሉ።

«ባሌ ሞቶብኝ ነው የመጣሁት።»

«ያ ጥያቄ ይወድ የነበረው?»

«እሱው።»

ፊታቸው ትንሽ ተለወጠ፤ ሰው ናቸውና። ግን ወዲያው ጓንታቸውን ሳቡ። «አዝናለሁ። ቢሆንም እዚህ ምንም አላደርግልሽም። አደራ፣ እንባሽ እንዳይነካው፤ ካርቶን ነው።»

«እንዳይነካውማ» አልኩና ከብብቴ መሐረቡን አወጣሁ። ዓይኔን ጠረግሁ። ከዚያ መሐረቡን አጣጥፌ፣ ስሙን ወደ ላይ አድርጌ፣ እጄን ዘርግቼ ሽምብራዋ ላይ ጣል አደረግሁት። ጫፍ ጫፉ ዙሪያውን ሣሩ ላይ አረፈ። ሽምብራዋ መሃሉን ቀጥ አድርጋ ያዘችው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ድንኳን ሆነ።

አቶ ድልነሳው ማኬቱ ላይ ጎንበስ አሉ።

«አንሺው!»

«እርስዎ ያንሱት።»

እጃቸውን ዘረጉ። ነጩ ጓንት መንገድ ላይ ቀረ። የረዳታቸውን እጅ ያስታወሱ ይመስለኛል፤ ኮረብታው ላይ ያለውን ረጅም ደረጃም ጭምር።

«ማኬት ላይ ያረፈ…» አሉ።

«ከመሬት አይቀር» አልኳቸው።

«እከስሻለሁ!»

«ይክሰሱኝ። "ማኬቱ ላይ ስትጥል እርስዎ የት ነበሩ?" ይሉዎታል እንጂ ሌላ ምን ይላሉ።»

ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። ማኬቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ደክሟቸው፣ ደግሞም እንደ ሥራ ወዳድ ሰው፣ «ምንድን ነው ይሄ?» አሉ።

«ድንኳን ነው።»

«የማን ድንኳን?»

«ስሙ ተጽፎበታል።»

«ጥግ ላይ ያለው ቀዳዳስ?»

«ስተኩሰው በካውያ አቃጥዬው ነው።»

«እሱም መደረጉ ነው እንግዲህ» አሉ አቶ ድልነሳውና ላባቸውን አስቀምጠው ለመሮጥ ተነሱ። ነገ ጉም ሲገለጥ መሬቱ ማኬቱን መምሰል አለበት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንዳርጌ ቢያይ ኖሮ እላለሁ። ሹማምንቱ ከየቢሯቸው ግልብጥ ብለው ወጡ። የዕድሩን አሮጌ ድንኳን ሣሩ ላይ ዘርግተው በኖራ ነጭ ቀቡት። ጠርዙን አረንጓዴ አደረጉት። መሃሉ ላይ «አንዳርጌ» ብለው ሰው በሚያህል ፊደል ጻፉ፤ ጥልፉ ላይ «ር» ትንሽ ጠመም ብላብኝ ነበር፣ እሷንም አጣመሟት። አቶ ጥጋቡ በሜትር ለክቶ ጥግ ላይ ክብ ቀዳዳ ቀደደ፤ ዳር ዳሩንም እንደተቃጠለ እንዲመስል ቡናማ ቀባው። ከዚያ ሽምብራዋ ላይ ጣሉትና ካስማ መምታት ጀመሩ።

«አዘንብለው!» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

«ቀጥ ነው የሚለው ደንቡ» አለ አቶ ጥጋቡና ቀጥ አድርጎ መታ። ሁሉንም ቀጥ አድርጎ መታ። ነፋስ መጣ። ካስማው እንደ ካሮት ተነቀለና ድንኳኑ ከነኖራው በሹማምንቱ ላይ ተከመረ። ከውስጥ የብዙ ሰው ሳል ይሰማ ነበር።

«ወይኔ አንዳርጌ!» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «ይህን ቢያይ ሁለተኛ ይሞት ነበር!»

«አልሞቱም!» አለ የአቶ ጥጋቡ ድምፅ ከድንኳኑ ሥር።

በዚያ ቀን መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። አፌን በነጠላዬ ይዤ ሳቅኩ፤ ከዚያ ተራርቆ የቆመው ለቀስተኛ ሁሉ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ለቅሶ ሆነና ማንም ሳይጠራው ተሰበሰበ። የተራራቀ ሰው አብሮ ሲስቅ መቀራረቡ አይቀርም። አቶ ጥጋቡ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ የቀኙንም የግራውንም ካስማ አየ፤ መዶሻውን ለጋሽ ሽብሩ ሰጠና ዓይኑን ወደ ሰማይ አነሳ። «እኔ አላየሁም» አለ። ጋሽ ሽብሩ አዘንብለው መቱት። ያ ድንኳን ከዚያ ወዲያ አልተነቃነቀም።

ሳጥኑን ስናወርድ የደረጃው መታጠፊያ ጠበበን፤ ማኬቱ ላይ ደረጃው ለጣት እንጂ ለሰው አልታሰበም። አዙረን አዙረን ሲያቅተን ቀጥ አድርገን አቆምነውና እንዲሁ እንደቆመ ወረደ። አቶ ጥጋቡ ከታች ጠበቀን።

«ይኸው!» አለ። «ቆመው እየወረዱ አይደል? ምን ብያችሁ ነበር?»

እንዲህ አለና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ምነው?» አሉት ጋሽ ሽብሩ።

«ፀሐዩ በርትቶብኝ ነው» አለ። ፀሐይ ግን አልነበረም።

ቀብረን ተመልሰን በገዛ ደጃችን፣ በራሳችን ድንኳን ተቀመጥን። ኖራው አልደረቀም ነበርና ይረግፍብናል። ጥቁር ለብሶ የገባው ሁሉ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ የላይ ሰፈር ሰው ሲያየን ከጥምቀት የምንመለስ መስሎት እልል አለ። እኛም ቀና እያልን ጣሪያውን አየን። ስፌቱ ደህና ነበር።

በማግሥቱ ጉም ሲገለጥ ባለ ሰገነቱ መነጽሩን አነሳ። ለረጅም ጊዜ አየ አሉ።

«አንዳርጌ ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሹማምንቱ ተያዩ። ሞቷል እንዳይሉ እዚያ ግቢ ሞት የለም። ድንኳን ተካይ ነበር እንዳይሉ ድንኳን አልነበረም።

«ነዋሪ ነው ጌታዬ» አሉ።

«ስሙን በትልቁ መጻፉ ደፋር ሰው ነው። ሰላም በሉልኝ» አለና ቁርሱን በላ። ሁለተኛ እንቁላል ጨመረ ይባላል።

ባለ ሰገነቱን ቁርስ ያስበላውን ነገር ደግሞ ማን ይነካዋል? ድንኳኑ እስከ ዛሬ አለ። ሲያረጅ ራሳቸው ይጠግኑታል፣ ኖራውን በየዓመቱ ይቀባሉ፣ ቀዳዳውንም እንዳይጠብብ እየለኩ ይጠብቁታል። ግቢያችን ውስጥ ሠርጉም ለቅሶውም እዚያ ነው። ሞት ዛሬም አልተፈቀደም። ስለዚህ ሰው ሲያርፍብን «እገሌ ሞተ» አንልም፤ «ዛሬ አንዳርጌ ሥር እንቀመጣለን» እንባባላለን፣ ሁሉም ይገባዋል። ዝናብ ሲዘንብ በቀዳዳው የሚገባው ውሃ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይወርዳል። እዚያ ቦታ ወንበር አይቀመጥም።

በየበዓሉ አቶ ጥጋቡ በሬን ያንኳኳል።

«ጋሽ አንዳርጌ አሉ?»

«የለም፣ ወጣ ብሏል።»

«ባለ ሰገነቱ ሰላም ብለዋል።»

«እነግረዋለሁ።»

እንዲህ ተባብለን እንለያያለን። ባለፈው በዓል ግን በሩ ላይ ቆየ። እናቱ በክረምቱ አርፈው፣ ለራሱ ሰፈር ድንኳን ስላልተፈቀደ እኛ ግቢ ነበር የተቀመጠላቸው። «የኔንም ሰላም ይንገሩልኝ» አለኝ ወለሉን እያየ። እሱንም እሺ አልኩት።

የዚያኑ ቀን እንደ ልማዱ የግቢውን ልጆች ሣሩ ላይ አሰልፎ ሲጠይቅ በመስኮት አየሁ። በበዓል ቀን የአገሪቱን ስም ልጆች እንዲጠሩ ይደረጋል። ከበዓል ውጪ ስለማይሰሙት ግን አብዛኞቹ አያውቁትም። ፊደል ያስቆጠርኳት አንዲት ትንሽ ልጅ ተራዋ ደረሰ።

«በይ፣ አገራችን ማን ትባላለች?» አላት።

ልጅቱ እንደ ደንቡ ቀጥ ብላ ቆመች። ሻሿን አወለቀች። ግራ ቢገባት ዓይኗን ወደ ላይ አነሳች፤ በግቢው ውስጥ በትልቁ የተጻፈ ስም አንድ ብቻ ነበር። አንድ በአንድ ቆጥራ፣ ጠማማዋን «ር» እንኳ ሳትዘል አነበበችው።

«አንዳርጌ!»

አቶ ጥጋቡ ቀና ብሎ አራተኛ ፎቅ ላይ አየኝ። የፊደል አስተማሪዋ እኔ ነኝ፤ ማረም የኔ ሥራ ነው።

አላረምኳትም።

«ጥሩ፣ አቋሟ ቀጥ ያለ ነው» አለ አቶ ጥጋቡና ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈ።